በግጦሽ ላይ ለሚውሉ ከብቶች ቅባት ያለው ተጨማሪ መኖ ስለ መስጠት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአገራችን የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ከብቶች በአብዛኛው የሚኖሩት በግጦሽና ከአውድማ በሚገኝ ገለባ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሣሩ ለምለም በሚሆንበት ጊዜ ላሟ ይብዛም ይነስም ራሷን ትችላለች። ከጥር በኋላ ግን ሜዳው ይደርቃል፤ ወተት ይቀንሳል፤ የከሳች ላም ኮርማ መፈለጓን ትተዋለች። ይህን ጉድለት ለማሟላት ፋጉሎ ገዝቶ መስጠት በብዙ ቦታ የተለመደ ሆኗል።

በዚህ ረገድ ከልማት ሠራተኞችና ከማኅበራት ኃላፊዎች ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይቀርቡልናል። አንደኛው፣ ቅባት ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ከሆነ በመኖው ላይ ዘይት ወይም የተወቀጠ የቅባት እህል ቢጨመርበት ወተቱ አይበረክትም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዘይቱ በሚገባ ያልወጣለት የአነስተኛ መጭመቂያ ፋጉሎ ይሻላል ወይስ ተጨምቆ የደረቀው የፋብሪካ ፋጉሎ የሚል ነው። ሁለቱም የገንዘብ ጥያቄዎች ናቸው። ማኅበሩ በስሕተት የመረጠው ፋጉሎ የአባላቱን ብር ይዞ ይሄዳል፤ ላሟም ከጠቀሜታው ይልቅ ጉዳቱ ሊያመዝንባት ይችላል።

መልሱን ለማስቀደም ያህል፣ በደረቅ ወራት በግጦሽ ላይ ላለች ላም በመጀመሪያ የሚጎድላት ፕሮቲን እንጂ ቅባት አይደለም። ቅባት የሚጠቅመው ፕሮቲኑ ከተሟላ በኋላ፣ ያውም በልክ ሲሰጥ ነው። ልኩን ካለፈ የበላችው ሣር ሳይፈጭ እንዲወጣ ያደርጋል። ምክንያቱን በሚገባ ያወቀ የልማት ሠራተኛ ለገበሬው ማስረዳት አይቸግረውምና ከዚያ እንነሣለን።

ቅባት በጨጓራ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ላም ሣርን የምትፈጨው በራሷ ኃይል ብቻ አይደለም። በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይኖራሉ። ቃጫውን ሰባብረው ላሟ ወደምትጠቀምበት ምግብ የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። እነርሱም በበኩላቸው ለመራባት ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የምትበላው መኖ ፕሮቲኑ ከመቶ 7 እጅ በታች ሲሆን ቁጥራቸው ይመነምናል፤ ሥራቸውም ይዘገያል። ያልተፈጨው ገለባ ጨጓራውን ሞልቶ ስለሚቆይ ላሟ ሌላ ለመብላት ቦታ አይኖራትም። ሆዷ ተነፍቶ ጎድኗ የሚታይ ላም በመጋቢት ወር የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ገለባ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ የደረቀ ሣር፣ ሁሉም በአብዛኛው ከዚህ ልክ በታች ናቸው።

ቅባት ለእነዚህ ተሕዋስያን ምግብ አይሆናቸውም። ከእህልና ከሣር ጉልበት እንደሚያገኙ ሁሉ ከቅባት ሊያገኙ አይችሉም። ከዚህም ይልቅ እንደ ኑግና እንደ ተልባ ያሉ በተፈጥሯቸው ፈሳሽ የሆኑ ዘይቶች ቃጫ የሚፈጩትን ተሕዋስያን ይጎዷቸዋል፤ የገለባውንም ገጽ እንደ ሽፋን ለብሰው እንዳይደርሱበት ያደርጋሉ። ተሕዋስያኑ ዘይቱን ወደ ጠንካራ ስብ እየለወጡ ራሳቸውን ይከላከላሉ። የአሳማ ስብ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ሣር የበላ በሬ ሞራ እንደ ሻማ የሚጠነክረው አንዱ ምክንያት ይኸው ለውጥ ነው። ነገር ግን አቅማቸው ወሰን አለው። ዘይቱ በቀስታ ሲደርሳቸው ይችሉታል፤ ባንድ ጊዜ ሲፈስባቸው ይሸነፋሉ።

ጥቅሙና ኪሣራው ሲተያዩ

ቅባት ጉልበት ይሰጣል ማለት ትክክል ነው። ክብደታቸው እኩል ሲሆን በቅባት ውስጥ ያለው ጉልበት በእህል ስታርች ውስጥ ካለው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። 100 ግራም ዘይት ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት ለማሠራት የሚበቃ ጉልበት አለው። ገበሬው ይህን ሲሰማ ቢጓጓ አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን ያለውን እንመልከት። 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን የአገር ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። ከዚህ ውስጥ 4 ኪሎ ተኩሉ ደረቅ ሣር ነው። የሣሩ መፈጨት ከመቶ 5 እጅ ዝቅ ቢል፣ ለምሳሌ ከ50 ወደ 45 ቢወርድ፣ 225 ግራም ያህል ሊፈጭ ይችል የነበረ ሣር በእበት ይወጣል ማለት ነው። በዚህ 225 ግራም ውስጥ ያለው ጉልበት በ100 ግራም ዘይት ከተገኘው ጋር እኩል ይሆናል። በሌላ አነጋገር የሣሩ መፈጨት ይህን ያህል ብቻ ቢሰናከል ዘይቱ የሰጠው በሙሉ ተመልሶ ይወሰዳል። ላሟ ሣር የመብላት ፍላጎቷ ከቀነሰ ደግሞ ሂሳቡ ወደ ኪሣራ ያዘነብላል። ገበሬው ዘይቱን በገንዘብ ገዝቶ፣ በነጻ የተገኘውን ሣር በእበት አስወጣ ማለት ነው።

በሌሎች አገሮች ለግጦሽ ላሞች ስብ መስጠት ያስገኘው ውጤት አንዳንድ ጊዜ እንደ ምሳሌ ይነሣል። እንደ አርጀንቲና ባሉ አገሮች ላሟ የምትግጠው የለማ፣ ፕሮቲኑ የበዛ ለጋ ሣር ነው፤ የሚጎድላት ጉልበት ነው። የሚሰጣትም ብዙውን ጊዜ ከፓልም ዘይትና ከካልሲየም የተሠራ፣ በጨጓራ ሳይሟሟ አልፎ በአንጀት የሚፈጭ ልዩ ስብ ነው። በቀን 20 ሊትርና ከዚያ በላይ የምትታለብ ድቅል ላም ያለው ሰው ይህን ዓይነቱን ስብ ቢያስብ ያስኬዳል። 2 ሊትር ለምትታለብ፣ በደረቅ ሜዳ ለምትውል ላም ግን ገንዘቡን ፋጉሎ ላይ ማዋል ይሻላል።

ልኩ ስንት ነው?

በቀን በጠቅላላው ከምትበላው ደረቅ መኖ ውስጥ ቅባት ከመቶ 5 እጅ እንዳይበልጥ እንመክራለን። በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ወሰኑ 6 ወይም 7 ተብሎ ይገኛል። ያ ግን ጥራት ያለው መኖ በሚዛን ለሚቀርብላቸው ላሞች ነው፤ ገለባ ለሚበዛበት አመጋገብ ዝቅ ማድረግ ይገባል። በዚህ 5 እጅ ውስጥ በሣሩ ያለውም ቅባት ይቆጠራል። ደረቅ ሣርና ገለባ ከመቶ 1 እስከ 2 እጅ ቅባት አላቸው። የመስከረም ለጋ ሣር ከዚህ በላይ ስለሚይዝ፣ በዚያ ወቅት ተጨማሪ ቅባት መስጠት አስፈላጊ አይሆንም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ላሟ 6 ኪሎ የምትበላ ከሆነ የቅባቱ ወሰን በቀን 300 ግራም ነው። 4 ኪሎ ተኩል ደረቅ ሣር 90 ግራም ያህል ይሰጣታል። ከዚህ ጋር ከመቶ 8 እጅ ዘይት የቀረበት የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ ተኩል ብትበላ 120 ግራም ይጨመራል፤ ድምሩ 210 ግራም ይሆናል። ይህ ከወሰኑ በታች ነው። ፕሮቲኑም ከበቂ በላይ ይሆናል። አሁን ፋጉሎው ዘይት የበዛበት፣ ከመቶ 15 እጅ የያዘ ይሁንና 2 ኪሎ እንስጣት። ከፋጉሎው 300 ግራም፣ ከቀረው 4 ኪሎ ሣር 80 ግራም፣ በጠቅላላው 380 ግራም ይሆናል። ወሰኑ ታለፈ። በዚህ ላይ ገበሬው የተወቀጠ ኑግ ወይም የምግብ ዘይት ቢጨምርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

የላሟን ክብደት ለመገመት በደረት ዙሪያ የሚለካውን ሜትር መጠቀም ይበቃል። ከክብደቷ ከመቶ 2 ተኩል እጅ ያህል በቀን ትበላለች ብሎ ማስላት ለዚህ ሥራ የሚሆን ግምት ነው።

ፋጉሎ ስለ መምረጥ

የራሳቸው የዘይት መጭመቂያ ያላቸው ወይም ሊተክሉ የሚያስቡ ማኅበራት ይህን ክፍል ልብ ብለው እንዲያነቡት እንፈልጋለን። 100 ኪሎ የኑግ ፍሬ 40 ኪሎ ያህል ዘይት አለው እንበል። መጭመቂያው 35 ኪሎ ዘይት ካወጣ የሚቀረው 65 ኪሎ ፋጉሎ ነው፤ በውስጡም 5 ኪሎ ዘይት አለ። ይህ ከመቶ 8 እጅ ገደማ ነው። መጭመቂያው አርጅቶ ወይም ፍሬው ሳይሞቅ ተጨምቆ 30 ኪሎ ብቻ ካወጣ ግን 70 ኪሎ ፋጉሎ ይቀራል፤ በውስጡ 10 ኪሎ ዘይት አለ፤ ከመቶ 14 እጅ በላይ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 5 ኪሎ ዘይት በገበያ የሰው ዘይት ዋጋ ያወጣ ነበር። በፋጉሎ ውስጥ ቀርቶ በመኖ ዋጋ ተሸጠ። «ፋጉሎአችን ቅባታም ስለሆነ ጥሩ ነው» የሚል ማኅበር መጭመቂያውን ቢያሳድስ ይጠቀማል ብለን እናምናለን።

ከሌላ የሚገዛ ማኅበር ደግሞ ዋጋውን በኩንታል ብቻ ማወዳደር የለበትም። የሚገዛው በዋናነት ፕሮቲን ነውና የኩንታሉን ዋጋ በውስጡ ላለው ፕሮቲን ማካፈል ይገባል። ከመቶ 32 እጅ ፕሮቲን ያለው ፋጉሎ በኩንታል 32 ኪሎ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ከመቶ 27 እጅ ያለው 27 ኪሎ ብቻ ነው። ዘይት ሲበዛ የፕሮቲኑ ድርሻ በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱ በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ለደረቅ ወራት ግጦሽ በሚገባ የተጨመቀው ይመረጣል። የላቦራቶሪ ምርመራ ማስደረግ የሚችል ማኅበር ለትልቅ ግዢ ያስደርግ። ይህ ካልተቻለ አንድ እፍኝ ፋጉሎ ፈጭቶ በነጭ ወረቀት መካከል አድርጎ በፀሐይ ማሞቅና መጫን ነው። ወረቀቱን ወዲያው አሳልፎ የሚያሳይ ሰፊ የቅባት ምልክት ከተወ ዘይቱ ብዙ ነው። ይህ ቁጥር አይሰጥም፤ ሁለት ነጋዴዎች ያመጡትን ለማወዳደር ግን ይረዳል። በዚያው አጋጣሚ ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማየት ይጠቅማል። አሸዋና አፈር ከተቀላቀለበት ከሥር ይዘቅጣል።

ከኑግ ሌላ ስላሉት ባጭሩ እንናገራለን። የጥጥ ፍሬ ሳይጨመቅ በሙሉው ሲሰጥ ከመቶ 20 እጅ ያህል ዘይት ይይዛል። ሆኖም ዘይቱ በፍሬው ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቆይና ላሟ ስታመሰኳ በቀስታ ስለሚወጣ ጨጓራውን እንደ ፈሳሽ ዘይት አያውክም። ስለዚህ አይፈጭም፣ አይወቀጥም። ለአንድ የአገር ላም በቀን እስከ 1 ኪሎ መስጠት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ የፋጉሎው መጠን በሂሳቡ መሠረት ይቀነሳል። የጥጥ ፍሬ ጎሲፖል የሚባል መርዝ ስላለበት ጨጓራቸው ገና ላልጠነከረ ጥጆች ፈጽሞ አይሰጥም፤ የሚያጠቃ ኮርማም ባያገኘው ይመረጣል። ተልባ ጥሬውን ተወቅጦ በውኃ ሲነከር መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል መቀቀል አለበት፤ በሙቀት የተጨመቀ የተልባ ፋጉሎ ግን ይህ ችግር የለበትም ለማለት ይቻላል። ተልባና ኑግ የበላች ላም ቅቤዋ ይለሰልሳል፤ የጥጥ ፍሬ የበላች ቅቤዋ ይጠነክራል። ቅቤ ወደ ቆላ ገበያ የሚወስዱ አባላት ይህን ማወቅ ይበጃቸዋል።

ከቄራ የሚገኝ ሞራ፣ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ለከብት እንዲሰጥ አንመክርም። በእንግሊዝ አገር በ1986 እ.ኤ.አ. የታወቀው የላሞች የአንጎል በሽታ የተስፋፋው በዚህ ዓይነት ዱቄት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. እዚያው አገር ከሚያመሰኩ እንስሳት የተገኘን ፕሮቲን መልሶ ለሚያመሰኩ እንስሳት መስጠት ተከልክሏል።

አሰጣጥ

ፋጉሎ በባዶ ሆድ አይሰጥም። ጠዋት ጥቂት ድርቆሽ ወይም ገለባ ቀምሳ፣ ማታም ከግጦሽ ከተመለሰች በኋላ፣ የቀኑን ድርሻ ለሁለት ከፍሎ ማቅረብ ነው። ዘይቱ በቀስታ ይደርሳቸዋል ያልነው በዚህ መንገድ ነው። ለጨጓራው መልመጃ እንዲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት 200 ግራም ያህል ብቻ ተሰጥቶ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው መጠን ይደረሳል። ፋጉሎው ጠጣር ከሆነ ተሰባብሮ ከፍሩሽካ ጋር ቢደባለቅ በእኩል ትበላዋለች።

ቅባት በሆድ ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይሆናል። ይህ ለተሕዋስያኑ መልካም ነው፤ ዘይቱ እንዳይጎዳቸው ይይዝላቸዋል። ለላሟ አጥንትና ወተት የሚያስፈልገው ካልሲየም ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በቀን ከ30 እስከ 50 ግራም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከፋጉሎው ጋር ማደባለቅና ጨው ማስላስ ይገባል። የኖራ ድንጋይ ስንል ጥሬውን ድንጋይ ማለታችን ነው። ለግንብ ሥራ የተቃጠለው ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላልና መለየት ያስፈልጋል።

ዘይት እንደ መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እርጥብ አልፋልፋ ወይም ማገጥ የበላች ላም ሆዷ በአረፋ ሲነፋ የምግብ ዘይት መጋት አረፋውን ስለሚሰብር ሕይወቷን ሊያድን ይችላል። ሲጋት አንገቷ ከልክ በላይ ወደ ላይ እንዳይቀና መጠንቀቅ ነው፤ ዘይቱ ወደ ሳምባ ከገባ ይገድላታል። ይህን ያየ ገበሬ ዘይት ለሆድ ጥሩ ነው ብሎ በየቀኑ መስጠት የጀመረበት ቦታ አለ። መድኃኒትነቱና መኖነቱ የተለያዩ መሆናቸውን ማስረዳት የልማት ሠራተኛው ተግባር ነው።

ስለ ማከማቸት

ዘይት የበዛበት ፋጉሎ ቶሎ ይበላሻል። አየርና ሙቀት ሲያገኘው ይከረፋል፤ ላሟም ትጠየፈዋለች። ከዚህ የሚብሰው ሻጋታ ነው። በሻጋታ ምክንያት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ከመኖው አልፎ ወደ ወተት ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከላሞች መኖና ከወተት ናሙናዎች ውስጥ ይህን መርዝ አግኝቷል፤ በመኖው ውስጥ ለመገኘቱም የኑግ ፋጉሎ ዋና ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። የልጆች ወተት ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማኅበሩ ርካሽ ነው ብሎ የስድስት ወር ፋጉሎ ባንድ ጊዜ አይግዛ። ለአንድ ወር የሚበቃውን ገዝቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቆ፣ ዝናብ በማይገባበት ግን ነፋስ በሚያገኘው ቤት ያስቀምጥ። የሻገተውን ክፍል አንስቶ የቀረውን ማብላት አይበጅም፤ መርዙ በዓይን አይታይም። ለዶሮ ይሁን ማለትም አይቻልም፤ ዶሮ ከላም ይልቅ ትጎዳለች።

መጠኑ መብዛቱን የሚያሳዩ ምልክቶች

ከሁሉ በፊት እበቷን መመልከት ነው። እጅግ የላላ፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ሲታጠብ ረጃጅም ያልተፈጨ ሣር የሚታይበት እበት ቅባቱ እንደበዛ ይጠቁማል። ላሟ ተኝታ ሳለች የማታመሰኳ ከሆነ፣ ገለባውን ትታ ፋጉሎውን ብቻ የምትጠብቅ ከሆነ፣ ወይም ወተቷ ሳይቀንስ የሚወጣው ቅቤ ከቀነሰ ነገሩ አንድ ነው። የቅቤው መቀነስ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ቀድመው የሚያውቁት ነገር ስለሆነ የልማት ሠራተኛው የቤቱን ባለቤት ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም፤ ወተቱን የምትንጠውን እናት ይጠይቅ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፋጉሎውን በግማሽ ቀንሶ ድርቆሹን መጨመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ትመለሳለች።

አዲስ ፋጉሎ ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሳምንት፣ ሙሉው መጠን ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሳምንት የጠዋትና የማታ ወተት በአንድ ዓይነት ዕቃ እየተለካ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። ከሦስት ወይም ከአራት አባላት ቤት የተገኘ ይህን የመሰለ መዝገብ ካለ የፋጉሎው ወጪ በወተቱ መመለሱ ወይም አለመመለሱ ያለ ክርክር ይታወቃል። ወደ ሰኔ ዝናቡ ሲጥልና አዲሱ ሣር ሲበቅል ፋጉሎው በየሳምንቱ በሩብ እየተቀነሰ ይቆማል፤ በጎተራ የተረፈ ካለ ክረምቱን እንዲያልፍ ሳይጠበቅ ለሚደልቡ በሬዎች በቶሎ ይዋል።